«ሲስተም የለም» ማለት መልስ አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፥

መሥሪያ ቤቶች የሕዝቡን ጉዳይ ከዶሴ ወደ ኮምፒውተር ዳታቤዝ ማዛወራቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ ሰርቨር በተዛወረ ቍጥር ባለጉዳይ የሚጉላላበት ምክንያት ስላልታየኝ፥ ይህን አሳቤን በጋዜጣዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ዝውውር ባደረገበት ሳምንት፥ ተማሪዎቼ የውጤት ማስረጃ ለማውጣት ሦስት ቀን ተመላልሰው «ሲስተም የለም» ከመባል በቀር ያገኙት የለም። ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ የመሳፈሪያ ገንዘቧ አልቆ የመመዝገቢያው ቀን አለፈባት። ኋላ እንደ ተረዳነው ግን መረጃው አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራኖቼ ከማማረር አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ስላስለመዱኝ፥ የማውቀውን ያህል ላመልክት። አንደኛ፥ ፕሮግራሙ የዳታቤዙን አድራሻ የሚያነብበት ፋይል ሳይታረም ይቀራል፤ ይህም ቤት የለወጠን ሰው በቀድሞ ቤቱ እንደ ማንኳኳት ነው። ሁለተኛ፥ የአዲሱ ሰርቨር ፋየርዎል ፖርቱን አልከፈተም ይሆናል፤ እንደ ተለመደው ለኤስኪውኤል ሰርቨር 1433፥ ለማይኤስኪውኤል 3306፥ ለፖስትግሬስኪውኤል 5432 ነው። ሦስተኛ፥ በኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዙ ብቻ ሲዛወር የመግቢያው ስም በአሮጌው ላይ ይቀራል፤ በአዲሱ ላይ በዚያው ስም ቢፈጠርም የውስጥ መለያው ስለሚለያይ አይገጥምም።

የስሕተቱ መልእክት ራሱ መሪ ነው። መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለፈ አድራሻውንና ፋየርዎሉን፤ ወዲያው እምቢ ከተባለ ዳታቤዙ መነሣቱንና ፖርቱን፤ መግባት ከተከለከለ ስሙንና የይለፍ ቃሉን መመርመር ይገባል። አንዳንዶች ግን በችኮላ ፋየርዎሉን ጨርሰው ያጠፋሉ፥ ወይም ለፕሮግራሙ የዋናውን አስተዳዳሪ ሥልጣን ይሰጡታል። ይህ ቍልፍ ጠፋ ብሎ የግቢውን በር መገንጠል ነው።

ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቲኤስቢ የተባለው ባንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 2018 ወደ አዲስ ሲስተም ሲዛወር መረጃው በደኅና ቢደርስም፥ ሲስተሙ ወዲያው ስለ ተበላሸ ከ5.2 ሚልዮን ደንበኞቹ እጅግ ብዙዎቹ ተቸገሩ። ሥራው የተስተካከለው በታኅሣሥ ወር ሲሆን፥ ተቆጣጣሪዎቹ በ2022 ዓመተ ምሕረት 48.65 ሚልዮን ፓውንድ ቀጡት። በዚያ አገር «ሲስተም የለም» ማለት ከኀላፊነት አላዳነም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤቶች ኀላፊዎች አራት ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ። አድራሻው፥ ፖርቱና የመግቢያው ስም ሁሉ ከዝውውሩ በፊት በጽሑፍ ይያዝ። ባለጉዳይ በማይበዛበት ቀን ከሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ሙከራ ይደረግ፤ ሕዝብ ከተሰለፈ በኋላ መመርመር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነውና። አዲሱ መሥራቱ እስኪረጋገጥ አሮጌው ሰርቨር አይነሣ። ሥራው ቢቋረጥም ባለጉዳዩ የሚመለስበት ቀን በማስታወቂያ ይነገረው፤ ቀነ ገደብ ያለበትም በወረቀት ይስተናገድ።

ሰርቨር ዕቃ ነው፤ ይበላሻል፥ ይጠገናል። ያለፈባትን የመመዝገቢያ ቀን ግን ለዚያች ልጅ የሚጠግንላት የለም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፥
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር