ከአንበሶቹ ጉድጓድ በፊት

አንባቢዬ ሆይ፤ ረቡዕ ቀን በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት ጓደኞችህ ጋራ ወጥተህ፣ አለቃህ ለሁላችሁም ክትፎ አዝዞ፣ ሳህኑ ፊትህ ሲቀመጥ ምን ትላለህ? «ዛሬ እጾማለሁ» የሚለው ቃል ከአፍህ ለመውጣት የፈራበትን ጊዜ ታስታውሳለህን? እኔ አስታውሳለሁ። አንድ ጊዜ «ሆዴን አሞኛል» ብዬ አመለጥኩ። ጾሙንስ አልሻርኩም፤ ነገር ግን ከዚያ ጠረጴዛ የተነሣሁት እንደ ሻረ ሰው አፍሬ ነው።

ስለ ሃይማኖት ጽናት በተነሣ ቁጥር ቶሎ ትዝ የሚለን የዳንኤል የአንበሳ ጉድጓድ ነው። የዳንኤል ታሪክ ግን ከአንበሳ አይጀምርም፤ ከማዕድ ይጀምራል።

ዳንኤል እንደ አንተ ተማሪ ነበር፤ ኋላም እንደ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 ዓመት ገደማ ከኢየሩሳሌም ተማርኮ ባቢሎን ሲገባ ገና ብላቴና ነበር። ንጉሡ ናቡከደነፆር ከምርኮኞቹ ልጆች ብልሆቹን አስመርጦ፣ የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት 3 ዓመት ተምረው በቤተ መንግሥት እንዲያገለግሉ አዘዘ። መብላቸውም መጠጣቸውም ከንጉሡ ማዕድ ሆነ። ስማቸው እንኳ ሳይቀር ተለወጠ፤ ዳንኤል ብልጣሶር ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ ተመልከት። ልጁ ትምህርቱን እምቢ አላለም፤ በባዕድ ስም ሲጠሩት አቤት አለ፤ የመንግሥቱንም ሥራ ተቀበለ። ዘመናዊ ትምህርትና ሃይማኖት አብረው አይሄዱም እያሉ ወጣቱን የሚያስጨንቁ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ደግመው ቢያነቡት በወደድኩ። እምቢ ያለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማዕዱ። እምቢታውም ጩኸት አልነበረበትም። መጀመሪያ አለቃውን በትሕትና ለመነ፤ አለቃውም ልጆቹ ከስተው ቢታዩ ንጉሡ እኔን ይቀጣኛል ብሎ ፈራ። ዳንኤል የሰውየውን ፍርሃት አልናቀም፤ ወደ መጋቢያቸው ሄዶ 10 ቀን ብቻ ጥራጥሬና ውኃ እየሰጠ እንዲፈትናቸው ጠየቀ። በ10ኛው ቀን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የእነሱ ፊት አምሮ ተገኘ።

ለአንተ ማዕዱ ምግብ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ቀኑን ወደ ኋላ መልሰህ ጻፍ የምትባለው ደብዳቤ ይሆናል፤ ተማሪ ከሆንክ ደግሞ በፈተና ዋዜማ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ወረቀት።

ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ዓመት ባቢሎን በፋርስ እጅ ስትወድቅ ዳንኤል ሽማግሌ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እሱ በሥራው ላይ ቆየ፤ በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት 3 አለቆች አንዱ ሆነ። ምቀኞቹ ሥራውን ቢመረምሩ፣ ጉድለት ቢፈልጉ አጡ። (ይህን ነጥብ ሰባኪዎቻችን ቶሎ ያልፉታል። 3 ቀን ለሥራ ወጥቶ የ5 ቀን አበል የፈረመ ሰው ቢሆን ከሳሾቹ ይህን ያህል ባልደከሙም ነበር።) በመጨረሻ በአምላኩ ሕግ ካልሆነ በሌላ አንይዘውም ብለው፣ እስከ 30 ቀን ድረስ ከንጉሡ በቀር ማንንም የለመነ ለአንበሳ ይጣል የሚል ዐዋጅ አስፈረሙ።

ዳንኤል ምን አደረገ? አዲስ ነገር አላደረገም። ወደ ቤቱ ገባ፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያሳየው መስኮት እንደ ተከፈተ ነው፤ በቀን 3 ጊዜ እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ጸለየ። መስኮቱን ሊዘጋው ይችል ነበር እኮ! 30 ቀን ምን አላት? በልብ መጸለይንስ ማን ይከለክላል? አንተና እኔ ብንሆን ይህን ምክንያት ለማግኘት ሩብ ሰዓትም አይፈጅብንም ነበር። በልጅነቱ በማዕድ ፊት የጸና ሰው ግን በስተርጅና ለመንበርከክ ምክር አላስፈለገውም።

ዳንኤል ዳነ። ሁሉም ግን እንዲህ አይድንም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ የሚጎርፈው ምእመን ቅዱስ ገብርኤል ከእሳት ያወጣቸውን ሠለስቱ ደቂቅን ያስባል፤ እነዚያ ልጆች ግን ወደ እቶኑ ሲሄዱ መልአኩ እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። አምላካቸው ባያወጣቸውም ለጣዖቱ ላለመስገድ ቆርጠው ነው የሄዱት።

የእኛው አቡነ ጴጥሮስ አልዳኑም። በ1921 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ነበሩ። አርበኞች ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስት በያዛት አዲስ አበባ ላይ አደጋ ሲጥሉ ከነሱ ጋራ ነበሩና ተያዙ። ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው በማግስቱ በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ ተገደሉ። ደግሞም አብረዋቸው ከተሾሙት አንዱ ለኢጣልያኖች ገብተው ከእነሱ ሹመት ተቀበሉ። በእሳቸው ላይ ለመፍረድ እኔ ማነኝ? በአንድ ሳህን ክትፎ ፊት «ሆዴን አሞኛል» ያልኩ ሰው!

ያን ጊዜ ካፈርኩ በኋላ በሌላ ረቡዕ ከነዚያው ጓደኞቼ ጋራ ተቀመጥኩ። አለቃው አስተናጋጁን ሲጠራ ልቤ እየመታ «ለኔ የጾም ይሁንልኝ» አልኩ። ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። ሽሮው መጣ፤ እነሱም ስለ ደመወዝ ጭማሪ የጀመሩትን ወሬ ቀጠሉ።