የጂንካ ሠዓሊዎች፣ ስልካችሁን አውጡ!

በጂንካ ታፔላ የምትጽፉ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የምትስሉ፣ በደብተራችሁ ጀርባ የጓደኛችሁን ፊት በእስክሪብቶ የምትሞነጭሩ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ዲጂታል ፖርትሬት፣ ማለትም በስልክ የሚሳል የሰው መልክ፣ መሥራት እንማር። ዛሬ ነገ ሳንል፣ በእጃችን ባለው ስልክ፣ አብረን እንማር!

የደቡብ ኦሞን ሰው ያህል ፎቶ የተነሳ በአገራችን ጥቂት ነው። ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ መጥቶ አንስቷል። ሌላው ፎቶ አንሺ ሃንስ ሲልቬስተር የኦሞን ሰዎች የገላ ቀለምና የቅጠል ጌጥ ይዞ መጽሐፍ አሳትሟል። ሥራዎቹ ውብ ናቸው፣ አልክድም። ፖስት ካርዱን ስትገለብጡት ግን ብዙውን ጊዜ የምታነቡት «የሐመር ሴት»፣ «የሙርሲ ወጣት» የሚል ነው። ስሟ ማን ነው? የማን ልጅ ናት? አልተጻፈም። ቱሪስቱ ሲመጣ ደግሞ ክፍያው በፎቶ ነው፤ ካሜራው ጠቅ ባለ ቁጥር ተነሺው ይቆጥራል። በተነሺው አልፈርድም፤ መልኩን ይዞ የሄደ እንግዳ ተመልሶ እንደማይጠይቀው ያውቃላ! ፖርትሬት ግን ሰውየው ፊት ቁጭ ብሎ መዋልን ይጠይቃል፣ ወሬ ይፈልጋል፣ ቡና ያስፈላል። ይህን ደግሞ ከጎረቤት የተሻለ የሚችለው የለም።

መንገዱን የጀመረ ሰውም አለን። ሙርሲው ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ ካሜራ አንስቶ የገዛ ወገኑን ሕይወት ቀርጿል፤ ከፊልም ሠሪው ቤን ያንግ ጋር የሠራው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። እሱ በቪዲዮ ካሜራ የሞከረውን እኛ በስልክ መሳል ምን ያቅተናል?

«መሣሪያ የለንም» የሚል አይጠፋም። ግን የካራ ሰው ፊቱን ሲቀባ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ነጩን አፈር በውሃ በጥብጦ ይለቀለቀዋል፤ ሳይደርቅ በጣቱ እየጫረ መስመርና ነጠብጣብ ያወጣበታል። የተጫረው ቦታ ላይ ቆዳው ራሱ ቀለም ይሆናል። ይህ እኮ ስልክ ላይ አንድ ሌየር ደርቦ በኢሬዘር እየፋቁ እንደ መሳል ነው! በጣት መሳል ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም። የፊቱ ቀለም ሲታጠብ ይሄዳል፤ የስልኩ ግን ይቀራል፣ ፋይሉን በፍላሽ ከገለበጣችሁት ማለቴ ነው። ስልክ እንደሚሰረቅና ውሃ ውስጥ እንደሚገባ መቼም አትረሱም።

ኢቢስ ፔይንት የተባለው የሥዕል መተግበሪያ በተራ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል። ነጻው ቅጂ ማስታወቂያ ይበዛበታል፤ አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ግን ዳታ አጥፍታችሁ መሳል ትችላላችሁ። ላፕቶፕ ያገኘ ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ይጫን፤ ሙሉ በሙሉ ነጻ ስለሆነ ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ፍለጋ መንከራተት የለም። ሥራው እንዲታተም ከፈለጋችሁ ሸራውን ስትከፍቱ 2480 በ3508 ፒክስል አድርጉት፤ ኤ4 ወረቀት ላይ በ300 ዲፒአይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ስልኩ ከተንቀራፈፈ የጨረሳችኋቸውን ሌየሮች አንድ ላይ አዋህዱ።

ቀለም ላይ ግን እባካችሁ አትቸኩሉ። «የቆዳ ቀለም» ተብሎ ተዘጋጅቶ የመጣውን ተዉትና ፊታችሁ ከተቀመጠው ሰው ውሰዱ። ጥላውን በጥቁር አትሙሉት፤ ጥቁር ብቻ የገባበት ቆዳ አመድ ይመስላል። የሐመር ሴት ጸጉር በቅቤና በቀይ አፈር ይሠራል፤ ያ ቀይ ወደ አንገቷና ወደ ትከሻዋ ወርዶ ጥላውን ሳይቀር ያሞቀዋል። ግንባሯ ላይ የሚያበራውም ደረቅ ነጭ አይደለም፣ የሰማዩ ሰማያዊ አለበት። ከፎቶ የሚቀዳ ሰው ይህን ያመልጠዋል፤ ብዙ ስልክ ፊትን በራሱ ያነጣዋልና። ሐሙስ ቀይ አፈር ከተማ ገበያ የወጣ ሰው ግን በዓይኑ ያየዋል።

የሚቀጥለውን ስናገር ቅር የሚለው ይኖር ይሆናል። ከኦሞ የሚወጣ ፖርትሬት ሁሉ ነጭ የተቀባ ፊትና የከንፈር ሸክላ ብቻ ከሆነ፣ የቱሪስቱን ሥራ በገዛ እጃችን ደገምነው ማለት ነው። ሸክላ ሠሪዋ የአሪ እናትስ? ድስቷንና ጀበናዋን ሁሉም ቤት ይገዛል፤ እሷን ማን ሳላት? ባጃጅ ነጂው፣ ነርሷ፣ ከማሌ መጥቶ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅስ? 16 ብሔረሰቦች በሚኖሩበት አካባቢ ፊት አለቀብኝ የሚል ሠዓሊ ሰነፍ ነው።

የባህል መልክ በአዲስ መሣሪያ ሲሠራ ወዴት እንደሚደርስ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በኪያ ታደለ የሚመራውን ያትሬዳ የተባለውን የቤተሰብ ቡድን እዩ። የኢትዮጵያን የጸጉር አሠራሮች በዲጂታል ምስል ሠርተው፣ አሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሊዶ ሙዚየም እስኪጋብዛቸው ደርሰዋል። አይዳ ሙሉነህም በተቀባ ፊት ፎቶዎቿ ዓለም አውቋታል፤ ለራሷ ብቻ ሳትል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ ለሌሎች መድረክ ከፍታለች። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬም አዲስ አበባ ላይ ያስተምራል፤ ከጂንካ በአርባ ምንጭ በኩል ግን መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሁላችንም እዚያ አንደርስም። ስለዚህ አንዳችን ለአንዳችን መምህር እንሁን።

መምህር መሆን ማለት ቴሌግራም ላይ ልብና እሳት መደርደር አይደለም። «ዋው፣ ጎበዝ!» ማንንም ሠዓሊ አላደረገም። «ጆሮውን ከፍ አድርገኸዋል፤ በቅንድቡና በአፍንጫው ግርጌ መካከል እንዲሆን አውርደው» የሚል ጓደኛ ነው የሚያስፈልገን። ይህን ሲል ደግሞ ጀማሪውን በሰው ፊት የማያሸማቅቅ፣ ያወቀውን ብሩሽ የማይደብቅ። እህቶቻችን ከእንዲህ ያለው ስብስብ የሚቀሩት ችሎታ አንሷቸው አይደለም፤ ሲመሽ ስለምንሰበሰብ ነው። በቀን እናድርገው።

ሐሳቤ ይህ ነው፦ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይበተን፣ ጥላ ያለበት ቦታ እንሰብሰብ። የተሳለው ሰው ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ስሙ እሱ እንደሚጠራው ሥዕሉ ላይ ይጻፍ፤ ታትሞ አንድ ቅጂ እጁ ይግባ። ጉብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየም፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ የምንለምናቸው ብር አይደለም፤ አንድ ክፍልና የሚሠራ ሶኬት ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ያላችሁ ደግሞ በወር ጥቂት ወረቀት ቀንሱልን። እስከዚያው ግን ማንንም አንጠብቅም። የሚመጣው ቅዳሜ አንድ ጀማሪ አስከትላችሁ ኑ፤ ፓወር ባንክ ያለውም ሞልቶ ይምጣ፣ መብራቱን መቼም ታውቁታላችሁ!