ጫማው ለእግሩ ወይስ እግሩ ለጫማው?



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው በአሰላና በዙሪያዋ ብዙ ወላጆች የሚጠይቁትን ጉዳይ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኞቹ ጋር ሩጫ ይለማመዳል፤ አንድ ቀን መጥቶ «የሩጫ ጫማ ግዙልኝ» ይላል። አባት ገበያ ወጥቶ ዋጋውን ሲሰማ ይደነግጣል። እናት «ለትምህርት የሚሆነው አይበቃውም?» ትላለች። ልጁ ደግሞ የሚፈልገው ማንኛውንም ጫማ ሳይሆን በቴሌቪዥን ያየውን፣ የታወቀ ስም ያለውን ነው። እንግዲህ በምን እንምረጥ?

አርሲ በሯጮቿ ስሟ የገነነ አገር ናት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያ የሆነችው ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። ልጆቻችን እነርሱን እያዩ መሮጣቸው መልካም ነው። ነገር ግን ከሯጮች ታሪክ ሁለት የተሳሳቱ ትምህርቶች ሲወሰዱ እናያለን።

የመጀመሪያው የአዋቂዎች ነው፤ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ? ጫማ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ስለዚህ የአበበ ታሪክ ጫማ አያስፈልግም አይልም፤ እግርህን የሚጎዳ ጫማ አታድርግ ነው የሚለው። ደግሞም በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት በሽታ እንደሚያመጣ፣ ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ደግሞ እንደሚከላከለው ሐኪሞች ያውቃሉ።

ሁለተኛው የልጆች ነው፤ «እገሌ ያሸነፈው በጫማው ነው» ይላሉ። የዛሬዎቹ የውድድር ጫማዎች በእርግጥ ያግዛሉ። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ዋጋው 500 ዶላር የነበረና ለአንድ ማራቶን ታስቦ የተሠራ ነበር። ይህ ለዕለት ልምምድ የሚሆን ዕቃ አይደለም። በጫማ መሸነፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ውጤቱ ተሰረዘ፤ የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የተፈቀደው 4 ብቻ ነበር። ስለዚህ ምርጫችን መጀመር ያለበት ከጫማው ስም ሳይሆን ከልጁ እግር ነው።

አንደኛ፣ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ስለሚያብጥ ከዐስር ሶላት በኋላ መለካት ይሻላል። ሲሮጥ የሚያደርገውን ካልሲ ያድርግ፤ ሁለቱንም እግር ይለካ፤ ምርጫው በትልቁ እግር ይሁን። ቆሞ ሳለ ከረጅሙ ጣቱ ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ ይትረፍ። ልብ በሉ፤ የአንዳንድ ሰው ረጅሙ ጣት ሁለተኛው ነው። ከሳጉሬ ወይም ከሁሩታ ሰው ልካችሁ የምታስገዙ ከሆነ ልጁን ወረቀት ላይ አቁማችሁ የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ አስምሩና ቆርጣችሁ ላኩ።

ሁለተኛ፣ ስፋቱን እዩ። በባዶ እግሩ ያደገ ልጅ የእግሩ ጣቶች ዘርዘር ያሉ፣ የፊት እግሩም ሰፊ ነው። የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥታችሁ ልጁን ላዩ ላይ አቁሙት። እግሩ ከንጣፉ ጠርዝ ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው። ቁጥር መጨመር ርዝመትን እንጂ የሚገባውን ያህል ስፋትን አያመጣም፤ ሌላ ዓይነት ፈልጉ። ቁጥሩም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ «ሁልጊዜ 39 ነው የማደርገው» ማለት አይበቃም።

ሦስተኛ፣ «ያድግበታል» ብላችሁ ሁለት ቁጥር አታስበልጡ። ሁለት ቁጥር ማለት ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ጫፉ ላይ ጨርቅ ቢጠቀጠቅም እግሩ ውስጥ ውስጡን ይንሸራተታል፤ ጥፍር ይጠቁራል፤ ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል። የወንድሟን ጫማ ወርሳ የምትሮጥ ልጅ ዘወትር የሚገጥማት ይህ ነው።

አራተኛ፣ ልጁ አድርጎት ይሩጥበት። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲለመድ ይለቃል» የሚባለው ለሩጫ ጫማ አይሠራም። ሱቅ ውስጥ የቆረቆረ ቦታ መንገድ ላይ ያቆስላል።

አንዳንዶች ደግሞ የእግር ቅርጽ ይመርምሩ ይላሉ። ዉዱእ አድርጋችሁ በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ስትራመዱ የሚቀረውን እርጥበት ብታዩ፣ መሐሉ ሰፊ ከሆነ እግሩ ዝርግ፣ ቀጭን ከሆነ ጎድጓዳ ነው። ይህን ማወቅ አይጎዳም። ነገር ግን በአሜሪካ ምድር ጦርና በሌሎች የጦር ክፍሎች ምልምሎች ላይ ተደርገው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የታተሙ ጥናቶች፣ ጫማን በእግር ቅርጽ መርጦ መስጠት ጉዳትን እምብዛም እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። የተሻለው መለኪያ የተመቸ መሆኑ ነው፤ ያንን የሚያውቀው ደግሞ እግሩ ራሱ ነው።

አዲስ መግዛት ለማይችል ልባሽም ይሆናል፤ ግን መርምሩ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሌላ ሰው አረጋገጥ ቅርጹን ለውጦታል፤ ተዉት። የሶሉን ስፖንጅ በአውራ ጣት ተጫኑት፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይም ተሸብሽቦ ከቀረ አልቋል። የሩጫ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ልጅ ይህ ከ3 እስከ 5 ወር ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱም ቢሆን ለሩጫ ብቻ ይቀመጥ፤ ለከብት ጥበቃና ለኳስ አይዋል።

መንገዱንም አስቡ። በክረምት የእኛ ጭቃ ሶሉ ለስላሳ የሆነውን ጫማ ያንሸራትታል፤ ጎድጎድ ያለ ጥርስ ያለው ይሻላል። ባለ ምስማሩ ስፓይክ ግን ለመም ውድድር እንጂ ለዕለት ልምምድ አይሆንም። ሲረጥብ እሳት ዳር አታድርቁት፤ ማጣበቂያው ይለቃል። ንጣፉን አውጥታችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

በመጨረሻም አንድ ነገር ለወላጆች አደራ እላለሁ። በመምህርነቴ የማየው ነገር አለ፤ ውድ ጫማ የተገዛለት ልጅ ጫማው ቢያሳምመውም አይናገርም። አባቱ ለጫማው ምን እንደሸጠ ያውቃልና ያፍራል። እያነከሰ ይሮጣል፤ ከወራት በኋላም ሩጫውን ይተዋል፤ ቤተሰቡም «ሰነፈ» ይላል። ስለዚህ ጫማውን ስትሰጡት «ካመመህ ንገረኝ፤ አልቆጣም» በሉት። በየሳምንቱ ካልሲውን አስወልቃችሁ ጥፍሩንና ተረከዙን እዩ። ጫማ ቢጠብ ለታናሹ ይሆናል። የተጎዳ እግር ግን የልጁ የራሱ ነው፤ ሌላ አይገዛለትም።