የበረሃ አበል አለ፤ የመገናኛ አበልስ?

11,500 ብር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ይሄ ሆኗል፤ በፊት 6,940 ነበር። ዜናው የወጣ ቀን ቴሌግራም በእንኳን ደስ አላችሁ ተጥለቀለቀ። ተቀጣሪ ላልሆንኩት ለእኔ እንኳ ደርሶኛል። የመምህራን ስኬል የራሱ ደረጃዎች አሉት፤ ለስሌት ያህል ግን ይቺን ቁጥር እንያዝ።

በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያዋ 2,000 ብር ግብር የለባትም። የቀረው በየእርከኑ ከ15 እስከ 30 በመቶ እየተቆረጠ 2,100 ብር ይሄዳል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ለቤት ከገቢ ሲሶ በላይ ባይወጣ ይመረጣል የሚባል የቆየ መለኪያ አለ። ሲሶው 2,865 ብር ይሆናል። በዚህ ብር መገናኛ አካባቢ ቤት ያገኘ ሰው ካለ አድራሻውን ይላክልኝ።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ጳጉሜን ላይ ከደሴ መጣች። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተቀጥራ ነው። «ታዲያ ምን አስመጣት?» የምትሉ አትጠፉም። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ የምታውቁ ይሄን አትጠይቁም።

ፍለጋውን የጀመርነው እንደማንኛውም ሰው በስልክ ነው። ቻናሉ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፤ ስትደውሉ «እሱ ተይዟል፣ ግን ሌላ አለኝ» ይላል ደላላው። ላምበረት ጀርባ ያሳየን አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት፣ መጸዳጃው የጋራ፣ 7,000 ብር ተባልን። ያውም የስድስት ወር ቅድሚያ። አያት የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ 15,000። ጓደኛዬ «ስቱዲዮ ማለት አንድ ክፍል አይደል እንዴ?» አለችው። ደላላው ለማስረዳት ደከመ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ገባን፦ የካ ውስጥ ኪራይ የሚቀንሰው ሽቅብ ሲወጣ ነው። ዋናውን አስፋልት ለቅቃችሁ ወደ ተራራው ባዘገማችሁ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። በኮተቤ በኩል ወደ ካራ፣ በዚህኛው በኩል ደግሞ ከፈረንሳይ በላይ ወደ እንጦጦ ግርጌ። ፈረንሳይ ጫፍ ላይ 4,500 ብር የተባልነው ቤት የጭቃ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን። አከራይዋ ቡና እያፈሉ ነበር። «ልጄ፣ አስተማሪ ከሆንሽስ ጥሩ ነው፤ ግን እኔም በጡረታ ነው የምኖረው» አሏት። ምን ይባላል? እሳቸውም እውነታቸውን ነው።

ታሪኩ ተገልብጧል። የዳግማዊ ምኒልክ ከተማ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ነበር፤ ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ሲበረታ ነው ወደ ፍልውሃ የተወረደው። ዛሬ ደመወዝተኛው ወደ ብርዱ ይመለሳል። ከእሱ በላይ ደግሞ በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ፤ ከባህር ዛፉ መሐል ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች በመዝናኛው ደጅ ያልፋሉ። አንድ ተራራ ላይ ርካሹም ውዱም ማደሪያ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ መመዝገብ አለበት፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ። ስለዚህ ስድስት ወር የጠየቀውን የላምበረቱን ሰውዬ «ሕጉ ሁለት ነው የሚለው» አልነው። «እንግዲያው ሕጉ ጋ ሂዱና ተከራዩ» አለን። መክሰስ ይቻል ይሆናል። ሰኞ ትምህርት የሚጀምርባት መምህርት ግን ሻንጣዋን ይዛ ክስ አትመሠርትም።

ሕጉ ይጥቀም አይጥቀም ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ለእኔ የታየኝ ማንን ይበልጥ እንደሚጠቅም ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ተከራይ ከድንገተኛ ጭማሪና ከ«ውጣልኝ» ይጠብቃል። በር ላይ የቆመውን አይደለም። አከራዩ እንደልብ መጨመር የማይችል ከሆነ፣ የሚፈራውን ጭማሪ ሁሉ ገና ሲያከራይ ዋጋው ላይ ይጭነዋል። ያንን የሚከፍለው አዲስ መጪው ነው፤ ከአዲስ መጪዎች ደግሞ ደመወዙ በግልጽ ታውቆ የማይደራደረው መምህሩ።

አሁን ወደ አርእስቴ ልምጣ። መንግሥት የሥራ ቦታ ዋጋ እንዳለው አያውቅም ማለት አንችልም። እንደ አፋርና ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ለሚሠራ ሰው የበረሃ አበል ይከፈላል። እዚያ ያለው ሰው ከኪሱም ከጤናውም ተጨማሪ ስለሚከፍል ነው፤ ትክክል ነው። ታዲያ መገናኛስ? ሙቀቱ በዲግሪ ሴልሺየስ አይለካም እንጂ ያቃጥላል። እንግሊዝ ውስጥ የመምህራን ደመወዝ ሰንጠረዥ አራት ነው፦ ለውስጠኛው ለንደን፣ ለውጨኛው ለንደን፣ ለለንደን አጎራባች፣ ለተቀረው አገር። እኛም ጋ አዲስ አበባ ለመምህራን የቤት አበል የሚባል ጀምራለች። ይሄ ሐሳቡ ተቀባይነት እንዳገኘ ያሳያል። ነገር ግን በቁርጥ ብር የሚቀመጥ አበል በየዓመቱ ይሟሟል፤ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይሄን ለማስረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፣ ዘይት መግዛት ይበቃል። አበሉ ከአካባቢው ኪራይ ጋር ታስሮ በየዓመቱ ይከለስ ነው የምለው።

አብሮኝ የተመረቀ አንድ ልጅ «አበል ብትጨምር አከራዩ ነው የሚበላው» ይለኛል። ሁሉም ተከራይ ቢጨመርለት ልክ ነበር። መምህራን ግን ከከተማው ተከራይ ጥቂቱ ናቸው፤ ለእነሱ ብቻ የሚጨመር ብር የሰፈሩን ዋጋ ብዙ አያንቀሳቅስም። ክርክሩ እውነት የሚሆነው ቤት በሌለበት ነው። በገጠር እኮ ማኅበረሰቡ እንጨትና ቆርቆሮ አዋጥቶ ትምህርት ቤቱ ግቢ ለመምህሩ ቤት ይሠራል። ከተማው በኪራይ ከሚያስተዳድራቸው ቤቶች ጥቂቱን ለአዲስ ተመዳቢዎች ለሁለት ዓመት ብቻ ቢይዝ፣ ዘላለም ስጧቸው አላልኩም፣ እግራቸው እስኪተከል ነው።

ይሄ እስኪሆን ግን በጣም ትንሿ ነገር አለች። ጓደኛዬን ያስጨነቃት ወርሃዊው ኪራይ ብቻ አልነበረም፤ የመግቢያው ብር ነው። የፈረንሳዩ ቤት የሁለት ወር ቅድሚያ 9,000 ብር፣ ደላላ፣ ፍራሽ፣ ባልዲ፤ የመጀመሪያው ደመወዝ ደግሞ ፎርማሊቲው እስኪያልቅ አይወጣም። ከወንድሟ ተበድራ አሁን ካራ ላይ ከሌሎች ሁለት መምህራን ጋር በደባልነት ትኖራለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ይቺን 9,000 ብር አበድሮ በወር 750 ብር እየቆረጠ በአንድ ዓመት ቢመልስስ? ለብድሩ ዋስትና የሚሆነው ደመወዝ እንደሆነ ያለው እዚያው እሱ እጅ ነው።