ጎረቤቱን አሰልጥነው ሲልኩ እኛ ማንን ላክን?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። 

ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ አራት ወጣቶች የመስጂዱ በረንዳ ላይ ጠበቁኝ። አንዱ ስልኩን አቀበለኝ። ሲዘዋወር የከረመ ጽሑፍ ነው። ከጎረቤት አገሮች የተመለመሉ ክርስቲያን ሰባኪዎች ሰልጥነው ሙስሊም በሚበዛበት አካባቢ አዳዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊተክሉ እየገቡ ነው ይላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ይህን ሼር ያላደረገ ኢማኑን ይፈትሽ ይላል። "ኡስታዝ፣ ምን እናድርግ?" አሉኝ። መጀመሪያ አጥፉት አልኳቸው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ ቦታ የለውም፣ ቀን የለውም። ያላጣራነውን ወሬ ይዘን ሰው ላይ እንዳንነሳ ሱረቱል ሑጁራት አስጠንቅቆናል። የልጆቹ ጭንቀት ግን ከንቱ አይደለም፤ ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

እንዲህ ያለ ሥልጠና አለ ወይ? አለ። ምስጢርም አይደለም፤ ራሳቸው በመጽሐፍ ጽፈው፣ በጉባኤ ተናግረው የሚያስተምሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ ላይ ከመቶ በላይ አገሮች የተወከሉበት ትልቅ የወንጌላውያን ጉባኤ ነበር። ራልፍ ዊንተር የሚባል አሜሪካዊ እዚያ ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም የብዙዎቹ መመሪያ ነው። በአጭሩ፣ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቋንቋውንና ባህሉን የሚጋራውን ሰው ነው፤ ግን በመካከላቸው እንዲህ ያለ ክርስቲያን የሌላቸው ሕዝቦች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ወደ እነሱ ድንበር የሚሻገር ሰው መዘጋጀት አለበት የሚል ነው። ከዚህ ተነስቶ ድንበሩ ባጠረ ቁጥር ሥራው ይቀላል ወደሚለው ለመድረስ ሩቅ አይደለም። ከአውሮፓ የመጣ ሰው ቋንቋ ለመማር ዓመታት ይፈጅበታል፣ ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ምግቡ አይስማማውም፣ ሕፃን ሁሉ ተከትሎት ይሮጣል። ከኬንያ ሞያሌ የሚነሳ ቦረና ግን ኢትዮጵያ ሞያሌ ሲገባ አስተርጓሚ አይፈልግም። አፋሩ በሦስት አገር ነው። ሶማሌውም እንዲሁ ድንበር አልበገረውም።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። የስዊድን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ ሲደርሱ ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር መዝለቅ ነበር። ደጋግመው ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። በዚያው ዘመን ከኢሉባቦር ተሰርቆ በባርነት ሲሸጥ ሲለወጥ ምጽዋ የደረሰ ሂካ የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ። በምጽዋ አጠገብ ባለው እምኩሉ ትምህርት ቤታቸው አስተማሩት፣ አጥምቀው ኦነሲሞስ አሉት፣ ስዊድን ልከው ዓመታት አስተማሩት። እሱም አስቴር ጋኖ ከምትባል፣ እንደ እሱ ከባርነት ነፃ ከወጣች ሴት ጋር ተባብሮ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በ1904 ደግሞ ራሱ ነቀምቴ ገባ። ስዊድናዊው በሠላሳ ዓመት ያልደረሰበትን መንገድ የአገሩ ልጅ ደረሰበት። ባሪያ ፈንጋዩ የጣለውን ልጅ ያነሱት እነሱ ናቸው። እዚያ ወደብ ላይ ሙስሊም ነጋዴ ሞልቶ እንደነበር ሳስብ፣ ወላሂ፣ ያመኛል።

ወላይታንም ተመልከቱ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች እዚያ ጥቂት ዓመታት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሲመለሱ አሥር ሺህ ገደማ አማኝ እንዳገኙ የራሳቸው ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ቁጥሩን አጋነውት ሊሆን ይችላል እንበል። ግማሹን ብንቀንሰው እንኳ ጥያቄው አይቀርም፤ ፈረንጁ በሌለበት ማን አስተማረ? ገበሬው ነው። ከዚያም የወላይታ ሰባኪዎች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ሄደው ተቀመጡ።

ሌላም አለ። በ1936 ዓ.ም የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ባወጣው ድንጋጌ አገሪቱን ለሁለት ከፍሏት ነበር፤ "የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ" እና "ክፍት አካባቢ"። በመጀመሪያው ሚሲዮኑ ሃይማኖት እንዳያስቀይር ተከለከለ። ክርስቲያን ያልሆነ ሕዝብ የሚበዛበት ግን ክፍት ነው ተባለ። የብዙዎቻችን አያቶች መንደር በዚያ ወረቀት ላይ "ክፍት" ነበር። ድንጋጌው ዛሬ የለም። ክፍት የሆነው ግን ክፍት ነው፤ አሁን ክፍት ያደረገው ሕግ ሳይሆን የእኛ አለመገኘት ነው።

ሥልጠናው ውስጥ ምን እንደሚባል ጽሑፎቻቸውን ሳነብ ብዙ ቆየሁ። ሕንፃ አትሥራ ይላሉ። መንደሩ የሚያከብረው፣ በሩን የሚከፍትልህ ሰው ፈልግ፤ ቡናውን ጠጣ፤ ማንበብ ለማይችል ታሪክ ንገር፤ አትስበክ፣ ጠይቅ፤ ዛሬ የተማረው ነገ ሌላውን ያስተምር። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ የመጣብኝ ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሂጅራ በፊት ወደ መዲና የላኩት ወጣት። አስዐድ ኢብኑ ዙራራ ቤት አረፈ። ኡሰይድ ጦሩን ይዞ እየዛተ ሲመጣበት አልተቆጣም፤ ተቀመጥና ስማ፣ ካልወደድከው እንተወዋለን አለው። ኡሰይድ ሰለመ፤ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ ተከተለው፤ እስኪመሽ ድረስ ጎሳው ገባ። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልን ወደ የመን ሲልኩትም ነቢያችን በመጀመሪያ የነገሩት የሚሄድባቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ነው። ታዲያ ይህ መንገድ የማን ነው? የእኛ የነበረውን ሌላው አንስቶ ሲሄድበት መንገዱን መርገም አይሆንልንም።

አገራችን ላይ እስልምና የሰፋውም በዚሁ ነው። በየጁ ዳና የሚቀራው ደረሳ ስንቁን ተሸክሞ ከሩቅ ይመጣ ነበር፤ ቀርቶም ወደ መንደሩ ተመልሶ ያቀራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር በተገደደ ጊዜ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ከመታገል ሌላ ዲናቸውን በአማርኛ ግጥም አድርገው በዐረብኛ ፊደል ጻፉት፤ ዐረብኛ የማያውቀው እረኛ ሳይቀር እንዲይዘው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩን። ሆኖም የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ1840 ሲታተም የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም የታተመው በ1961 ዓ.ም ነው። ዑለማዎቻችን በትርጉም ጉዳይ የነበራቸውን ጥንቃቄ አልነቅፍም፤ የገዢዎቹም በደል ነበረበት። ልዩነቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ነው።

"ታዲያ ዝም ብለን እንያቸው?" የሚል አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የማስተማርና የማስፋፋት መብት ለሁሉም ሰጥቷል፤ እኔ ጁምዓ ላይ ሚንበር የምወጣው በዚያው አንቀጽ ነው። የታመመውን በመድኃኒት፣ የተራበውን በስንዴ የሚደልል ካለ ያ ሌላ ነው፤ ማስረጃ ይዞ ወደ መጅሊስ፣ ወደ ሕግ መሄድ ነው። ሰውየውን መደብደብ፣ የጎረቤትን ቤት በድንጋይ መምታት ግን ዲን አይደለም። ጥቅምም የለውም፤ የተደበደበው ሰው ታሪክ በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ ይነገራል።

ለእነዚያ አራት ልጆች ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነው። የአያቶቻችሁ መንደር ውስጥ ልጆችን ማን ያቀራል? ሁለቱ አናውቅም አሉ። ሦስተኛው "ሼህየው ነበሩ፣ ሞተዋል መሰለኝ" አለ። አራተኛው እዚያው አያቱ ዘንድ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ኡስታዙ ደመወዝ ሲጠፋ ከተማ ገብቶ ባጃጅ እየነዳ ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ። መስጂዱ ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ይከፈታል። አያትየው ከዚያ "አንተስ መቼ ነው የምትመጣው ልጄ?" አለችው። መልስ አልነበረውም።

ቁጭ ብለን አሰላነው። በመንደር ልጅ የሚያስተምር አንድ ኡስታዝ የሚጠይቀው ደመወዝ አራቱ ልጆች በወር ለኢንተርኔት ፓኬጅና ለካፌ ከሚያወጡት ብዙም አይርቅም። ለስድስት ወር እነሱ ሊሸፍኑ፣ ከዚያ የመንደሩ ሰው በዘካና በምርት እንዲረከብ ሊያነጋግሩ ተስማምተዋል። አንዱ አፍ የፈታበትን ቋንቋ ስለሚያውቅ ክረምቱን እዚያ ሄዶ ሊያግዝ ቃል ገብቷል፤ እናቱን ገና አላስፈቀደም። እናንተም በየከተማችሁ ወደየመንደራችሁ ደውሉ፣ የሰማችሁትን እዚህ ጻፉልን። ባጃጅ የሚነዳውን ኡስታዝ አግኝተነዋል፤ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ልናነጋግረው ቀጠሮ ይዘናል፣ ኢንሻአላህ።