ቀለም ጥገና አይደለም

በአዲስ አበባ ቤት ማየት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ደላላው በር ይከፍታል። ሳሎኑ መሃል ቆሞ እጁን እየዘረጋ «ሰፊ ነው አይደል?» ይላል። መኝታ ቤቱን በሩ ላይ ቆማችሁ አንገታችሁን ብቅ አድርጋችሁ ታያላችሁ። የሽንት ቤቱ መብራት አይበራም፤ «አምፖሉ ተቃጥሎ ነው» ትባላላችሁ፣ ታምናላችሁ። በረንዳ ወጥታችሁ «እይታው ደስ ሲል!» ትላላችሁ። አለቀ። አስር ደቂቃ አልሞላም። ሎሚ ስንገዛ ጨመቅ ጨመቅ አድርገን ነው። ጫማ ስንገዛ ሁለቱንም እግር አጥልቀን ሱቁን እንዞራለን። የደሞዛችንን ግማሽ (ግማሽ ብቻ ከሆነ እድለኛ ናችሁ) የሚበላውን ቤት ግን አንድ ቧንቧ ሳንከፍት እንከራያለን። የሚገዙትም ቢሆኑ ከእኛ ብዙም አይሻሉም።

ለምን እንደሆነ ስትጠይቁ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው «ቤት ጠፍቶ ነው እንጂ!» የሚለው ነው፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ይሉኝታ ነው። የሰው ቤት ገብቶ ውሃ ማፍሰስ፣ ግድግዳ ማንኳኳት፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ማየት ነውር ይመስለናል። «ምን ዓይነት ጨቅጫቃ ልጅ ናት» እንዳንባል ብለን የሚያለቅስ ግድግዳ ይዘን እንገባለን። በዚህ ይሉኝታ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ አሉ፤ መሣሪያቸውም ብሩሽ ነው።

የከተማችን ተወዳጅ የጥገና ዘዴ ቀለም ነው። ግድግዳው ሻገተ? ቀለም። ተሰነጠቀ? ስቱኮና ቀለም። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የመሰለ ክብ ወጣ? ቀለም፣ ሁለት እጅ። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ሳምንት ቀለም ቀቢው ይጠራል እንጂ ቧንቧ ሠራተኛው አይጠራም። ስለዚህ አዲስ ቀለም የሚሸት ቤት ስትገቡ «ወይኔ፣ እንዴት ንጹህ ነው!» ከማለታችሁ በፊት ጠርጥሩ። ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ ተቀብቶ ካገኛችሁት መጠርጠሩም ይቅር፣ እርግጠኛ ሁኑ።

እርጥበት ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ አመጣጡ ይለያያል። ከታች የሚመጣው ግራውንድ ላይ ባለ ቤት ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት፣ ቢበዛ እስከ ወገብ ድረስ ይወጣል። ውሃው ደርቆ ሲሄድ ጨዉን ግድግዳው ላይ ጥሎት ስለሚሄድ በእጃችሁ ብታብሱት ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይነሳል። ከላይ የሚመጣው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ጣሪያው ተበስቶ ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቡናማ ክብ እየሠራ ይወርዳል። ከውስጥ የሚመጣው ደግሞ ከቧንቧና ከፍሳሽ መስመር ነው፤ በጋም ክረምትም አይልም። (አንድ አራተኛም አለ፤ መስኮት ዘግተን ወጥ የምንሠራበትና ልብስ ቤት ውስጥ የምናሰጣበት የእኛው እንፋሎት። ማዕዘን ላይና ከቁም ሳጥን ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው እሱ ነው። በዚህኛው አከራይ አይከሰስም፤ መስኮት ክፈቱ።)

መድኃኒታቸውም እንደ አመጣጣቸው ነው። ለላይኛው ጣሪያና አሸንዳ ይጠገናል። ለታችኛው በመሠረቱ ዙሪያ የሚቋጠረው ውሃ እንዲርቅ ይደረጋል፣ የበሰበሰው ልስን ይላጣል፣ ግድግዳው በደንብ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ እንደገና ይለሰናል። ለውስጠኛው የሚያፈሰው መገጣጠሚያ ተፈልጎ ይቀየራል። ቀለም ለአንዳቸውም መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም እርጥብ ግድግዳ ላይ አየር የማያሳልፍ ቀለም ሲቀቡበት ውሃው መውጫ አጥቶ ቀለሙን እንደ ፊኛ ይነፋዋል።

ከዚህ በፊት በተከራየሁት ኮንዶሚኒየም (ሰፈሩ ይቅር) የሻወሩ ኮርኒስ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል። አከራዬ ደግ ሴትዮ ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ደውለው «ልጄ እንዴት ከረምሽ?» የሚሉ። «እትዬ፣ ውሃው የሚወርደው ከላይ ካለው ቤት ነው፣ ሰውየውን ያናግሩልኝ» ስላቸው «ከጎረቤት አታጣይኝ ልጄ፣ ቀቢውን እልክልሻለሁ» ይሉኛል። ከቀቢው ጋር ቡና እስከ መጠጣጣት ደርሰን ነበር። በመጨረሻ ላይኛው ጎረቤት በራሱ ምክንያት ቤቱን ሲያድስ የሽንት ቤቱን መቀመጫ አስነሳ፤ ከሥሩ ያለው መገጣጠሚያ አልቆ ኖሯል። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ወጪው ከሦስቱ ቀለም የአንዱን ያህል አልሆነም፣ ከዚያ በኋላም አንድ ጠብታ አልወረደም። ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ ገንዘብ አልሰሰቱም። ሦስት ጊዜ ያስከፈላቸው ይሉኝታ ነው።

ስንጥቅ ላይም ያው ነው። ሰው ስንጥቅ ሲያይ ወይ በጣም ይደነግጣል፣ ወይ ጨርሶ አያየውም። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው፣ ተዉት። ኮለኑ ወይም ቢሙ ከብሎኬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ስንጥቅ ደግሞ ኮንክሪትና ብሎኬት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ነው፤ ልስኑን ከፍቶ መገናኛው ላይ የሽቦ ወንፊት አስሮ መለሰን ይበቃዋል። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ፣ አጠገቡ ያለውም በር አልዘጋም ካለ ግን ነገሩ ወደ መሠረት ወርዷል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ብዙው ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ዋልካው ተጠርጎ ሳይወጣ፣ መሠረቱም ከሥሩ ሳያልፍ የተሠራ ቤት፣ በተለይ ቀለል ያለው ቪላና ሰርቪስ፣ በየዓመቱ አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። እዚያ ላይ ስቱኮ መለጠፍ ለቀጣዩ ተከራይ ወጥመድ ማዘጋጀት ነው። የሚጠራው መሃንዲስ ነው። ኮለን ላይ ኮንክሪቱ ተላጦ የዛገ ፌሮ ብቅ ካለ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይጠራ። ገብታችሁ የምትኖሩበት ቤት ከሆነ የስንጥቁን ጫፍና ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት፤ ከክረምት በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ስንጥቁ ሥራ ላይ ነው።

ሻወር ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ድፉ። ወደ ማፍሰሻው ከሄደ ደህና፤ ወደ በሩ ከመጣ ወለሉ ተዳፋትነቱ ተበላሽቷል፣ መድኃኒቱም ሴራሚኩን ማፍረስ ስለሆነ ማንም በቀላሉ አያደርገውም። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኩት፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ሲሚንቶ ያልያዘው ነው። መቀመጫው ከተነቃነቀ የእኔን ኮርኒስ አስታውሱ። ሽታ ካለ «ሽንት ቤት አይደል እንዴ» አትበሉ፤ ጤነኛ ሲፎን ውስጥ የሚቋጠረው ውሃ ሽታውን ያፍነዋል፣ ከሸተተ ሲፎኑ የለም ወይም ደርቋል። ይህን ሁሉ ለማየት ግን ውሃ በሚመጣበት ቀን መሄድ ነው። ፈረቃው መቼ እንደሆነ ደላላውን ሳይሆን የግቢውን ጥበቃ ጠይቁ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቀልድ የለም። የእንጀራ ምጣድ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 እና 18 አምፔር ነው። ተራው ሶኬት ሲሠራ የተሰጠው ጣሪያ 16 ነው። ስለዚህ ምጣድ ከፍሪጅና ከካውያ ጋር የሚጋራው መስመር ሳይሆን ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ሶኬቱ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ካያችሁት ከእናንተ በፊት እዚያ ቤት እንጀራ ተጋግሯል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር የሚደረገው «ጥገና» ደግሞ ያስፈራል፤ ሽቦው እንዳለ ሆኖ ብሬከሩ በትልቅ ይቀየራል። አሁን አይወርድም። የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። የሻወር ማሞቂያው «ትንሽ ይነዝራል» ሲባልም ሳቅ ብለን እናልፋለን። ትንሽ የሚባል ንዝረት የለም፣ የመሬት መስመሩ አልተሠራም ማለት ነው። ሶኬቱ ላይ የመሬት መስመር ጥርስ ስላለ አትታለሉ፣ ከጀርባው ሽቦ መኖሩን ኤሌክትሪሺያን ለክቶ ይንገራችሁ።

በርና መስኮት፣ ቁልፍና ማጠፊያ እናንተው ክፈቱ ዝጉ፤ ለእሱ ብሎግ አያስፈልግም።

አሁን «ቤት ጠፍቶ ነው» ወደሚለው። እውነት ነው፤ እናንተ ባልዲ ስትፈልጉ ሌላው ቀብድ ሊከፍል ይችላል። ግን እኔ ያልኩት አትግቡ አይደለም። ግማሽ ሰዓት አይታችሁ፣ የሚያፈሰውን አውቃችሁ ግቡ ነው። ከፊርማ በፊት የተገኘ ብልሽት የአከራዩ ነው፣ መደራደሪያም ይሆናል። ከፊርማ በኋላ የተገኘው «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ይሆናል። ይሄ ደግሞ የሕግ ጉዳይም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የበር፣ የመስኮት፣ የወለልና የውሃ ቧንቧ ጥገናን ተከራይ ላይ ይጥላል፤ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የተበላሸውን ግን አይጥልባችሁም። ቧንቧው ስትገቡ ያረጀ መሆኑን በምን ታስረዳላችሁ? በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ለተከራይ ጥሩ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ከምን ጋር እንደምትኖሩ ማወቅ ግን የእናንተ ፋንታ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ምን ላድርግ» የሚል አከራይም አለ። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው የጋራውን እንዲያስተዳድሩ ነው የሚለው። የጋራ ማለት የማንም ያልሆነ ማለት አይደለም። አከራዩ የማኅበሩ አባል ነው፣ እናንተ አይደላችሁም፤ ሄዶ መጮህ ያለበት እሱ ነው።

ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ቤት የገዛ ዘመድ ካላችሁ እንዴት እንደገዛ ጠይቁት። ኢንስፔክተር ቀጥሮ፣ ከጣሪያ እስከ ቤዝመንት አስፈትሾ፣ ፎቶ ያለው ሪፖርት ይዞ ከሻጩ ጋር «ወይ አስተካክል፣ ወይ ዋጋ ቀንስ» ብሎ ተከራክሮ ነው። ያው ዘመዳችሁ አያት አፓርታማ ሲገዛ በቴሌግራም የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ «ያምራል፣ ላኩለት» ይላል። ባለሙያ የለም እንዳትሉኝ። የግማሽ ቀን ተከፍሎት ግድግዳና ቧንቧ አይቶ የሚነግር ሰው ይገኛል፤ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተማረ ጓደኛ የሌለውስ ማን ነው? ሕንፃው መቼ ርክክብ እንደተደረገም ጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ለአሠሪው ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ ነው፤ ይህን ጊዜ በውል ማሳጠርም አይቻልም። ሻጩ በዋስትናው ዘመን ውስጥ ካለ «ምን ላድርግ፣ ተቋራጩ ነው» ብሎ ሊሸኛችሁ አይገባም።

እና ወረቀት። ከመፈረማችሁ በፊት በአንድ ገጽ ጻፉት፦ የወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ያፈሳል፣ ከሳሎኑ ሶኬቶች አንዱ አይሠራም፣ የመኝታ ቤቱ መስታወት ስንጥቅ ነው፣ የሻወሩ ኮርኒስ ላይ እርጥበት አለ። የትኛውን ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያስጠግን ጨምሩበት። ሁለት ቅጂ አድርጉና ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ደላላው «እህቴ፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም» ይላችኋል። ይበል፤ ኮሚሽኑን ከፊርማው በኋላ ይቀበላል። የእያንዳንዱን ነገር ፎቶ አንሱና በዚያው ቀን ለአከራዩ በቴሌግራም ላኩለት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይመዘግበዋል።