ምጣድ ዳር የሚወጣ የላብ ከረጢት



ዱራሜ ውስጥ ቆጮ ስትጋግር የምትውል እናት ከዓይኗ ሥር ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ብታይ ትደነግጣለች። አንዱ «ቡዳ ነው» ይላል፤ ሌላው «ካንሰር ነው» ይላል፤ ጎረቤቷ መርፌ ታቀርባለች። እህቴ ሆይ፣ ቆዪ!

ሐኪሞች «ሃይድሮሲስቶማ» የሚሉት የላብ ዕጢ እብጠት አለ። ብዙውን ጊዜ የላብ መውጫው ቱቦ ይታፈንና ላቡ ከቆዳ ሥር ተጠራቅሞ ከረጢት ይሠራል። ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በሙቀት ያብጣል፣ በብርድ ይሟሽሻል። ሮቢንሰን የተባለ ሐኪም በ1893 እ.ኤ.አ. ስለዚህ እብጠት ሲጽፍ ያየው በሙቅ እንፋሎት ላይ በሚውሉ ልብስ አጣቢ ሴቶች ፊት ላይ ነበር።

በመርፌ ቢወጉት ውሃው ይፈስሳል፤ ከረጢቱ ስለሚቀር ግን ተመልሶ ይሞላል። ለዓይንም አደጋ ነው። አንዳንድ የቆዳ ካንሰር ይህንኑ ስለሚመስል ሳይመረመሩ መናቅም ስሕተት ነው። በተለይ ቢደማ፣ ቢቆስል ወይም በፍጥነት ቢያድግ ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል ሂጂ። መታከም ተወኩልን አይጻረርም፤ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንፈልግ አዝዘውናል።

እናንት ባሎችና ልጆችም የማድ ቤቱን መስኮት ክፈቱላት፤ ምጣዱንም ተራ ያዙላት። ሙቀቱ ሲቀንስ እብጠቱም ይቀንሳል፣ ኢንሻአላህ።